አርባ ሁለተኛው ፋኖስ

በጨፌ ሰፈር የ«ሰባቱ ፋኖሶች» ታሪክ እንዴት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው የለም። ጃፓኖቹ ዋናውን ጨዋታ ሠርተው ሲጨርሱ የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች ገና ዳዴ ይሉ ነበር። ሰባት መንገደኞች ፋኖስ ይዘው እሳቱ ወደ ጠፋ ተራራ ይወጣሉ ይባላል። ደርሰው ይሁን መንገድ ላይ ቀርተው፣ ተጫውቶ ያየ የለም። ሰፈሩ የሚያውቀው ቅጥያዎቹን ብቻ ነው፤ ከዋናው ታሪክ ቁራሽ ቁራሽ እየተወሰደ ለስልክ የተሠሩትን ትንንሽ ጨዋታዎች። አንዱ ዓሣ ማጥመድ ብቻ ነበር። ሌላው የመንገደኞቹን በቅሎ መቀለብ። ቅጥያ ታሪክ የለውም፤ ስለዚህም አያልቅም። ይዘጋል እንጂ። ሲዘጋ ሌላ ይከፈታል።

በ2061 ዓ.ም. አሥራ ሰባተኛው ላይ ተደርሶ ነበር። በእሱ ውስጥ ያለው ሥራ ቀላል ነው። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ፋኖስን ማብራት፣ ከዚያም ለአንድ ሰው ሰላምታ መላክ። ሰላምታው አይጻፍም። ጨዋታው ሦስት አማራጭ ያቀርባል፣ አንዱ ይነካል፣ አለቀ። ሰላምታ ያልላከ ፋኖስ በሦስተኛው ቀን ይደበዝዛል።

ይህ ከውሃ ጋር ምን አገናኘው ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ አጭር ነው። ስብሰባ ሲጠራ የማይመጣ ሕዝብ ፋኖሱን ሳያበራ እንደማይውል ከተማው አየ፤ የነዋሪውን መዝገብም እዚያው ላይ አሠፈረው። ሦስት መቶ ፋኖስ ያበራ ቡድን በየቀኑ በሁለት ሰዓት ውሃ ይለቀቅለታል። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ያበራ በሳምንት አንድ ቀን ያገኛል። ጨፌ አንድ ቡድን ነው፤ ዘጠኝ ብሎክ፣ አንድ እድር፣ አንድ ቧንቧ።

ጃፓኖቹን ለመውቀስ የሚቸኩል አይጠፋም። አይቸኩል። ይህን ጨዋታ የሠሩት ባቡር ለሚጠብቅ ሰው ነው። ስለ ቧንቧ አንድ ቃል አልጻፉም፤ ስለ ሬሳም አልጻፉም። ሁለቱንም የጨመርነው እኛ ነን።

ሰው ይሞታል፣ ስም ይቀነሳል። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጨፌ ከሦስት መቶ በታች ወረደ፤ ለአራት ወርም በሳምንት አንድ ቀን ውሃ እየቀዳ ኖረ። በዚያ ክረምት ብሎክ ሰባት ውስጥ ሦስት ሕፃናት በተቅማጥ ሞቱ። እድሩ ተሰበሰበ። ማመልከቻ የጻፈ የለም፤ ከተማው በር ላይ ሄዶ የቆመ የለም። ሽማግሌዎቹ ያደረጉት ከሁሉ አስበልጠው የሚያውቁትን ነው። መርዶ አቆዩ።

መርዶ ማቆየት የኖረ ጨዋነት ነው። መንገደኛው እስኪገባ፣ አራሷ እስክትጠና፣ ተማሪው ፈተናውን እስኪጨርስ ዘመድ አፉን ይይዛል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ያንኳኳሉ። ማቆየቱ ለሐዘንተኛው ሲባል ነበር። የጨፌ እድር ይህን ወስዶ ለጨዋታው አደረገው። ሟቹን ቀበረ፣ መዝገቡን ግን አላረዳውም። የሟቹ ስልክ ከቤተሰቡ ተወስዶ ለጠባቂ ይሰጣል፣ ጠባቂው በየማለዳው ፋኖሱን ያበራል።

ጠባቂዋ ወይዘሮ ቤዛዊት ነበረች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከላቦራቶሪ ሥራ ጡረታ የወጣች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ቁጥር የማትስት። ብሎክ ዘጠኝ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ድሮ ማንኪያና ሹካ ይቀመጥባቸው በነበሩ ሦስት መሳቢያዎች ውስጥ አርባ አንድ ስልክ አላት። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሻይዋን ቀድታ ትጀምራለች። ማብራት፣ ከሦስቱ ሰላምታ የላይኛውን መንካት፣ ማስቀመጥ። የላይኛው ምንጊዜም «እንደምን አደርክ» ወይም «እንደምን አደርሽ» ነው። ለመምረጥ ጊዜ የላትም፤ አውራ ጣቷም የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ትጨርሳለች።

ከአርባ አንዱ ሠላሳ ሁለቱን ቤተሰቦቻቸው ያውቃሉ። ያለ ድንኳን፣ ያለ ጥሩምባ፣ ድምፅ ሳያወጡ ቀብረዋል፤ ምክንያቱም ልቅሶ ማስረጃ ነው። የወንዝ ማዶው ቡድን ልቅሶ የሰማ ዕለት ለከተማው ጥቆማ ይልካል፣ በሟች ፋኖስ የተያዘ ቡድን ደግሞ ለአንድ ዓመት ከመዝገብ ይወጣል። ዘጠኙ ግን ሩቅ አገር የሞቱ ናቸው። ስልካቸውን አሠሪዎቻቸው ለእድሩ ላኩ፤ ሞታቸውን ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፣ ቤዛዊት ታውቃለች፣ ዘመዶቻቸው አያውቁም። ማርዳት ጩኸት መጥራት ነው። ስለዚህ አሥራ ሰባተኛው ቅጥያ እስኪዘጋ ይቆይ ተባለ። አዲስ ሲከፈት መዝገቡ እንደገና ይጻፋል፣ ያኔ የውሃው ልክም በሕያዋን ቁጥር ይስተካከላል ብለው አመኑ። መዝጊያው ሰኔ 30 ነው።

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ኤልዳና ደረጃው ላይ አገኘቻት። ወንድሟ ሚኪያስ ድንበር አካባቢ የባቡር ሐዲድ ሥራ ሄዶ ነበር። ከሞተ አምስተኛ ወሩ ነው።

«እትዬ ቤዛ፣ አንቺ የቡድኑን ዝርዝር ታያለሽ አይደል? የሚኪያስ ፋኖስ በርቷል?»

«በርቷል።»

«እኔም ደርሶኛል። ‹እንደምን አደርሽ› አለኝ። ሰውዬው ከሄደ ወዲህ እንዴት ጨዋ ሆነ። ድሮ ስሜን እንኳ አይጠራም፣ ‹አንቺ ጎፈሬ› ነበር የሚለኝ።»

«በረሃ ሰው ያርማል።»

«ስደውልለት ግን አይነሳም። ኔትወርክ የለም ይሉኛል ጋሽ ያፌት። ለፋኖሱ ኔትወርክ አለ፣ ለእኔ የለም?»

«ፋኖስ ትንሽ ነው የሚፈልገው» አለች ቤዛዊት፤ ወደ ቤቷም ወጣች።

ይህን ዓረፍተ ነገር ያረቀቀችው ራሷ ናት። በእድሩ ስብሰባ፣ ዘመዶች ሲጠይቁ ምን እንበል ተብሎ ሲመከር፣ ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አስባ መልሱን አስቀድማ አዘጋጀች። ሁሉም ተቀበሉት። ሊቀመንበሩ ጋሽ ያፌት ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

የእሷ ልጅ አቤኔዘር ቆላ ወርዶ ጨው ማምረቻ ውስጥ ይሠራል። ስሙ የተመዘገበው ግን ጨፌ ስለሆነ ፋኖሱን ባለበት ሆኖ ለጨፌ ያበራል፣ ሰላምታውን ለእናቱ ይልካል። የላይኛውን ነክቶ አያውቅም። የሚመርጠው ሦስተኛውን ነው፤ ጨዋታው ከዓሣ አጥማጁ ቅጥያ ያስተላለፈውን፣ ማንም የማይጠቀምበትን ቃል፤ «ዓሣው አመለጠኝ»። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ። እሷም ከሚቀርቡላት መልሶች መካከል «ነገ ይያዛል» የሚለውን ትመልሳለች። በእናትና በልጅ መካከል ሌላ የጠዋት ወግ አልነበረም፤ አላስፈለገም።

ከግንቦት መጨረሻ ወዲህ አቤኔዘር «እንደምን አደርሽ» ይላል።

መጀመሪያ ደክሞት ነው አለች። ከዚያ አኩርፎ ነው አለች፣ ሚስት አግባ ብላ ስለጨቀጨቀችው። ደወለች፣ አልተነሳም። ሰኔ አሥራ ሰባት ጠዋት፣ ሠላሳ አንደኛውን ስልክ ይዛ፣ አውራ ጣቷን ከላይኛው ቃል ላይ አሳርፋ ሳለ የራሷ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። «እንደምን አደርሽ።» ከአቤኔዘር።

አውራ ጣቷን አየችው። ካረፈበት አላነሳችውም። እንዲህ ሆኖ የሚነካ ሌላ ጣት በዓይነ ሕሊናዋ ታያት፤ ቦታው ጨው ማምረቻው ግን አልነበረም፤ ቅርብ ነበር። ሠላሳ አንደኛውን ነካች፣ የቀሩትን አሥሩንም ጨረሰች። ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ወረደች።

የእድሩ ቢሮ ዕቃ ቤት ነው። ለሁለት ዓመት ያልተተከሉ ድንኳኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ሊቀመንበሩ ጋሽ ያፌት ወረቀት ላይ አቀርቅረዋል፤ ሌላው ሽማግሌ ጋሽ ሮቤል አግዳሚ ወንበር ገልብጠው ምስማር ይመታሉ።

«ግቢ፣ ግቢ፣ ጠባቂያችን» አሉ ጋሽ ሮቤል። «ስለ ሚኪያስ እያወራን ነበር። እንደሱ ሰዓት የሚያከብር ሰው አላየሁም። በሕይወት ሳለ ለገዛ ምርቃቱ ዘግይቶ የመጣ ሰውዬ። ሞት ለአንዳንዱ ይስማማዋል።»

አልሳቀችም። «ጋሽ ያፌት፣ አቤኔዘር ስልክ አያነሳም።»

ጋሽ ሮቤል መዶሻውን አስቀመጡ። ወንበር ልቁጠር ብለው ወደ ውጭ ወጡ። ውጭ ወንበር አልነበረም።

ጋሽ ያፌት መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉት። «ኔትወርክ የለም፣ ቤዛ። ማማው ተበላሽቷል አሉ።»

«ፋኖሱ ግን በየቀኑ ይበራል።»

«ፋኖስ ትንሽ ነው የሚፈልገው» አሉ።

የተናገሩትን ያወቁት ከተናገሩ በኋላ ነው። ቀና ብለው አላዩአትም። እሷም ድንኳኖቹን አየች። ሸራቸው አቧራ ጠጥቷል፤ በአንዱ እጥፋት ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታለች።

«ማማው መቼ ይሠራል?»

«ሰኔ ሠላሳ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ጎህ ሲቀድ።»

«እንዴት—» ብላ ጀመረች። ጋሽ ያፌት እጃቸውን አነሱ።

«ለእሱ ቀን አለው፣ እህቴ።»

እንዴት ብሎ መጠየቅ የሐዘንተኛ መብት ነው። ሙቀት ገደለው ወይስ መኪና፣ ማን ከጎኑ ነበር፣ ውሃ አጠጡት ወይ፣ የት ቀበሩት። እሷ ግን ገና ሐዘንተኛ አልሆነችም። ልጇም በደንቡ ገና አልሞተም።

«ስልክ በሁለት ቤት አይጠበቅም» አለች። «ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ጠባቂዋ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ አወጡ። የማን እንደሆነ አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ጀርባው ላይ የጨው ነጭ እድፍ አለ።

«ትችይዋለሽ?»

«መሳቢያው ውስጥ ቦታ አለ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ሁለት ሆኑ። የመጨረሻውንም እንደ ሌሎቹ ታበራለች፣ የላይኛውን ትነካለች፤ የራሷ ስልክም በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ይጮኻል። ሦስተኛውን ቃል አትነካም። እሱ የልጇ ነው። መልስም አልመለሰችም። አሥራ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቷል። እየቆጠረች ጠበቀች።

ሰኔ 29 ምሽቱን ቤቷን አሰናዳች። ፍራሹን ወደ ወለል አወረደች። ጥቁር ቀሚሷን ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቀለች። የአቤኔዘርን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ፣ ሰው ሲመጣ የሚታይበት ቦታ ላይ አደረገችው። የምትፈልገው ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን አውጥታ፣ እንዴት ብላ መጠየቅ ነው። ሌላ ነገር አልፈለገችም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አምስት ሽማግሌዎችና እሷ ብሎክ ዘጠኝ ደረጃ ሥር ተገናኙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ያፌት የበሮቹን ዝርዝር በእጃቸው ይዘዋል። ዘጠኝ ስም አለበት፤ አሥረኛው መስመር ባዶ ነው። ቤዛዊት ያን ባዶ መስመር አየች፤ ቁጭ ብለው ስሟን መጻፍ እንዳልቻሉ ገባት፣ በልቧም አመሰገነቻቸው። የመጀመሪያው በር የኤልዳና ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። የስድስቱም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሰባቱ መንገደኞች ድልድይ ላይ ተሰልፈው እጅ ነሱ፤ ከበላያቸው «ስላበራችሁ እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ታየ፤ የስልኮቹም ገጽ ጠቆረ። ጋሽ ያፌት እፎይ አሉ። እጃቸውን ለማንኳኳት አነሱ።

ስልኮቹ እንደገና ጮኹ።

ጋሽ ሮቤል ከእጃቸው ላይ አነበቡ፤ ዝግ ብለው፣ እንደ ማስታወቂያ። «አሥራ ስምንተኛው ቅጥያ ተከፍቷል። ያበራችኋቸው ፋኖሶች በሙሉ እንዳሉ ተሻግረዋል። የምትወዷቸው ሰላምታዎችም ተሻግረዋል።» ከሥሩ የከተማው መልእክት ነበር። «ቡድን ጨፌ። የተሻገረ ፋኖስ፣ ሦስት መቶ አራት። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ የሚለቀቅበት ልክ፣ ሦስት መቶ አራት።»

ለጊዜው የገባው የለም። ከዚያ ለሁሉም ገባቸው። ሟቾቻቸውን ይዘው ሦስት መቶ አራት ነበሩ። ሟቾቻቸው ልክ ሆኑባቸው። ከእንግዲህ አንድ ስም መቀነስ አይቻልም፤ አርባ ሁለቱም ይበራሉ፣ አርባ ሦስተኛውም፣ ይህን የሚሰሙት ስድስቱም በተራቸው።

«የቆጠሩልን በሐሰት ያበራነውን ነው» አሉ ጋሽ ሮቤል። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም።

ጋሽ ያፌት የተነሳ እጃቸውን አወረዱ። ዝርዝሩን አጣጠፉት፣ ደግመው አጣጠፉት፣ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «እንመለስ።»

በሩ ተከፈተ። ኤልዳና የጥርስ ብሩሽ ይዛ፣ ስልኳን በሌላ እጇ እያየች ልትወጣ ነበር። ስድስቱን አየች። ፊታቸውን አየች፣ ነጠላቸውን አየች። ጀርባዋን መቃኑ ላይ አስደገፈች።

«ማነው?» አለች።

«ማንም» አሉ ጋሽ ያፌት። «አዲሱን ቅጥያ እንድታወርጂ ልንነግርሽ ነው።»

«ስድስት ሆናችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ወደ ደረጃው ዞሩ።

«ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ?»

ጋሽ ሮቤል ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። «ጨለማ ነው፣ ልጄ። ሳናይ ነው የለበስነው።»

ኤልዳና ወደ ቤዛዊት ዞረች። «እትዬ ቤዛ። አንቺ ንገሪኝ። የሚኪያስ ፋኖስ በርቷል?»

ቤዛዊት እዚያ ቆማ የምታስበው ብዙ ነገር ነበራት። ጩኸቱ ደረጃውን ወርዶ ወንዙን ይሻገራል። ጥቆማው ከምሳ በፊት ይላካል። ከዚያ ዓመት ሙሉ ባዶ ቧንቧ፤ ከዚያ ብሎክ ሰባት። እና ደግሞ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬ አራተኛ ፎቅ አይደርሱም። ፍራሹ ወለል ላይ ተነጥፏል፣ ማንም አይቀመጥበትም። እውነቱን ለኤልዳና ብትናገር፣ ለራሷ የሚናገርላት አይኖርም። ይህን ሁሉ ማን አዘዛችሁ ብትባል የምትጠራው ስም አልነበራትም።

«ይበራል» አለች።

ኤልዳና ለረጅም ጊዜ አየቻት። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ብዙ መርዶ ያየች ሴት ናት፤ ጎህ ሲቀድ በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች ለምን እንደሚመጡ አይጠፋትም። ስልኳን አየች፣ ቁጥሩን አየች።

«እሺ» አለች። «ይብራ።»

በሩን ቀስ ብላ ዘጋች። ስድስቱ ባሉበት ቆመው አዳመጡ። ጩኸት አልመጣም። ቁጭ ስትል ወለሉ ሲጮኽ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። ጋሽ ያፌት አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ምስጋና ይመስል ነበር። ሽማግሌዎቹ በየፊናቸው ወረዱ፤ ነጠላቸውን ደረጃው ላይ እየገለበጡ።

ቤዛዊት ወጣች። ፍራሹን አልፋ መሳቢያዎቹን ሳበች። አዲሱ ቅጥያ ከአሮጌው የሚለየው በፋኖሱ ቀለም ብቻ ነው፤ ድሮ ቢጫ ነበር፣ አሁን ሰማያዊ ነው። አንድ በአንድ አበራች። የሚኪያስን አበራች፣ ለእህቱ የላይኛውን ላከች። ታች ፎቅ የኤልዳና ስልክ ሲጮኽ በወለሉ ውስጥ ተሰማት።

የጨው እድፍ ያለበትን መጨረሻ አነሳች። ሰማያዊው ፋኖስ በራ። ሦስቱ ሰላምታዎች ወጡ። አውራ ጣቷ እንደ ልማዱ ላይኛው ላይ አረፈ። አነሳችው። ወደ ታች አወረደችው፣ ሦስተኛውን ነካች።

ጠረጴዛው ላይ የራሷ ስልክ ጮኸ።

«ዓሣው አመለጠኝ።»

ስልኳን አንስታ መልሶቹን አየች። ሁሉም ተሻግረዋል። «ነገ ይያዛል» የሚለውን ነካች፤ ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። በቀኝ እጇ ላይ ያለው የጨው እድፍ ያለበት ስልክ መልሱን ተቀብሎ ተንቀጠቀጠ።

ፍራሹን አጥፋ አልጋው ላይ መለሰች። ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ባልዲውን ቧንቧው ሥር አስቀመጠች።

በሁለት ሰዓት ውሃው መጣ። ግፊቱ ጥሩ ነበር።